ለጀልባ የመኪና ካምሻፍት ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰበታ ግቢዬ ውስጥ የቆመች ጀልባ አለችኝ። ሞተሯ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 5.7 ሊትር ቤንዚን ነው። አንዳንድ ቅዳሜ ላንጋኖ እወስዳታለሁ። ፍጥነት እንድትጨምር የውድድር መኪና ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ) ልግጠምላት?

መልስ፦ ተው ወንድሜ! እኔም ቃሊቲ ጋራዤ ውስጥ ይህን ጥፋት ሠርቻለሁ። ያ ዱግ ዱግ የሚል ድምፅ አማለለኝና ገጠምኩት። ደንበኛዬ በሁለተኛው ሳምንት ጀልባውን እየጎተተ መጣ። ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ስከፍተው ቫልቮቹ ዝገዋል። አፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ ጀልባዎች የማቀዝቀዣው ውሃ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። የውድድር ካምሻፍት ደግሞ የማስገቢያና የማስወጫ ቫልቮችን ረዘም ላለ ጊዜ አብሮ ይከፍታል። ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በሚኒሞ ሲሠራ ጭሱ ወደኋላ ይሳባል። ውሃውም ተከትሎት ሲሊንደር ይገባል። ስለዚህ ለጀልባ ተብሎ የተሠራ ግዛ፤ ማስገቢያውንና ማስወጫውን ቫልቭ በሚገፉት ሁለት የካምሻፍቱ ጉብታዎች መካከል ያለው ማዕዘን 112 ወይም 114 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። የቫልቭ ሞላዎቹንም አብረህ ቀይር።

ደግሞ ጀልባ ማርሽ አይቀያይርም። ቀኑን ሙሉ የእንጦጦን ዳገት በአንድ ማርሽ እንደመውጣት ቁጠረው። የሚያስፈልግህ የመካከለኛ ዙር ጉልበት ነው። ላንጋኖ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩም ሳስቷል፤ የውድድር ካምሻፍት ያለችውን ጉልበት በዝቅተኛ ዙር ይበላብሃል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ፕሮፔለሯን አያለሁ። ሙሉ ነዳጅ ሰጥተህ መመሪያው ላይ ያለው ዙር ካልደረሰች፣ ፒቹን (ፕሮፔለሯ በአንድ ዙር ወደፊት የምትሄደውን ርቀት) በ1 ኢንች ቀንስ። በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ተጨማሪ ዙር ታገኛለህ፣ ሞተር ሳትፈታ።