በብርዱ ወራት የፊኒክስን ዳርቻ በብስክሌት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቴምፒ ከገባን ሁለት ዓመታችን ነው። ሙቀቱን ፈርተን በጋውን ቤት ተዘግተን እናሳልፋለን። አሁን አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ከባለቤቴና ከአሥር ዓመት ልጃችን ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ በብስክሌት እየዞርን ሰፈሮቹን ማየት አስበናል። ዋና መንገዶቹ ግን በጣም ሰፊ ናቸው፤ መኪናውም ይበራል። በየት በኩል እንሂድ? (ከቴምፒ፣ አሪዞና)

መልስ፦ ጎዳናውን ተዉትና ውሃውን ተከተሉ። በፊኒክስ ዙሪያ ያሉት ከተሞች የተቀየሱት በአንድ ማይል በአንድ ማይል አራት ማዕዘን ነው። ትልልቆቹ ጎዳናዎች የሚሄዱት በእነዚህ መስመሮች ላይ ስለሆነ፣ ካርታ ላይ አጭር የሚመስለው መንገድ ሁሉ እነሱ ላይ ይጥላችኋል። የመስኖ ቦዮቹ ግን የመሬቱን ተዳፋት ይዘው በሰያፍ ያልፋሉ፤ በዳራቸውም ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን መንገድ አለ።

ለመጀመሪያ ቀን ከቴምፒ ታውን ሌክ ተነሡና በኢንድያን ቤንድ ዋሽ አረንጓዴ መስመር ወደ ሰሜን ውጡ። እስከ ቻፓራል ፓርክ ድረስ ሣር፣ ኩሬና መጫወቻ ሜዳ ነው። ቦታው በመሠረቱ የጎርፍ መውረጃ ነው። የአሜሪካ ሠራዊት መሐንዲሶች የኮንክሪት ቦይ ሊሠሩበት አቅደው ነበር፤ ስኮትስዴል ግን ጎርፍ ሲመጣ ውሃውን የሚያሳልፍ፣ ሳይመጣ ደግሞ ሰው የሚዝናናበት መናፈሻ መረጠች። በዚህ ምክንያት መንገዱ አብዛኞቹን ጎዳናዎች በድልድይ ሥር ያልፋል። ከልጅ ጋር ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዝናብ በጣለ ማግሥት ግን አትሂዱ። በድልድዮቹ ሥር የሚቀረው ቀጭን ደለል ላዩ የደረቀ ይመስልና ከሥሩ ያንሸራትታል። ወደ ታች ከመውረዳችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፤ እየታጠፋችሁ ሳለ የፊቱን ፍሬን አትያዙ።

ቻፓራል አካባቢ አሪዞና ካናልን ታገኛላችሁ። ቦዩን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስትሄዱ፣ በስኮትስዴል መሃል አልፋችሁ ኢንድያን ስኩል ሮድ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ጥቂት ወደ ምዕራብ ገፋ ብላችሁ አሪዞና ፎልስን እዩ። የቦዩ ውሃ 6 ሜትር ያህል የሚወርድበት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ታድሶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ቦታ ነው። ቦዮቹ በብርዱ ወራት በየተራ ደርቀው ስለሚጠገኑ ፏፏቴውን ያለ ውሃ ልታገኙት ትችላላችሁ። እንዲያም ሆኖ ጥገናው ራሱ ይታያል፤ አረሙን እንዲበሉ ቦዩ ውስጥ የተለቀቁትን ትልልቅ ዓሦች ሠራተኞቹ በመረብ እየነዱ ወደ ሌላ ክፍል ያሻግሯቸዋል።

አጠገቡ ያለው የአርኬዲያ ሰፈር ዱሮ የብርቱካንና የሎሚ እርሻ ነበር። ጥር ላይ ዛፎቹ ፍሬ እንደያዙ ናቸው። ግቢዎቹን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ ዙሪያቸውን ዝቅ ባለ የአፈር ክትር ታጥረዋል። ተራ ሲደርሳቸው ከቦዩ የሚመጣው ውሃ ይለቀቅና ሣሩንም ዛፉንም አጥለቅልቆ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ከክትሩ ወዲያ ማዶ ያለው ጎረቤት ጠጠር አንጥፎ ቁልቋል ተክሎ ይሆናል። በረሃ ላይ ሰፈር እንዴት እንደቆመ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ አናውቅም።

ለመመለስ ክሮስካት ካናልን ይዛችሁ በፓፓጎ ፓርክ ቀያይ ዐለቶች አጠገብ ወደ ቴምፒ ውረዱ። ዙሩ በሙሉ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከልጅ ጋር ከነዕረፍቱ 4 ሰዓት ያዙለት። ልጁ ቻፓራል ላይ ከደከመው በመጣችሁበት ተመለሱ፤ ወደ ደቡብ መንገዱ ትንሽ ቁልቁል ስለሆነ ይቀለዋል።

ጥያቄ፦ በወጣሁ ቁጥር ጎማዬ ይተነፍሳል። አንዱን ቀዳዳ ለጥፌ ሳልጨርስ ሌላ ይወጣል። ጎማው ነው ችግሩ ወይስ እኔ? (ከሜሳ)

መልስ፦ ኩርንችት ነው። ፍሬው ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና እያንዳንዱ ስንጣሪ እንዴትም ቢወድቅ አንዱ እሾህ ወደ ላይ ይቆማል። ተክሉ በብርድ ቢደርቅም እሾሁ መሬት ላይ ይከርማል። የሚበዛው ባዶ ቦታዎች ላይና በአስፋልቱ ዳር ባለው አፈር ነው። ስለዚህ ሲያርፉ ብስክሌቱን ጠጠሩ ላይ አያስተኙት፤ መንገድ ለመልቀቅም ወደ አፈሩ አይውጡ።

ለጥፈው ሳይጨርሱ ሌላ ቀዳዳ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ እሾህ በውጭ ጎማው ውስጥ ስለሚቀር ነው። የውስጥ ጎማውን ካወጡ በኋላ የውጭ ጎማውን የውስጥ ገጽ በቁራጭ ጨርቅ ዙሪያውን ያብሱት፤ ጨርቁ የያዘበት ቦታ ላይ እሾህ አለ። በፒንሳ ይንቀሉት። ሲለጥፉ ላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፤ ማጣበቂያውን በስሱ ቀብተው እርጥበቱ እስኪጠፋ 5 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ከዚያ መለጠፊያውን አጥብቀው ይጫኑ። እርጥብ ማጣበቂያ ላይ የተለጠፈ አይቆይም።

ዘላቂው መላ ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽ ወደ ውስጥ ጎማው መጨመር ነው። ለአዋቂ ብስክሌት በአንድ ጎማ 120 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ቫልቩ መሃሉ የሚፈታ ዓይነት መሆኑን ሲገዙ ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ማስገቢያ የለውም። ፈሳሹ ካለ፣ እሾሁን ነቅለው ቀዳዳውን ወደ ታች አዙረው ትንሽ ይቁሙ፤ ፈሳሹ ወርዶ ይደፍነዋል። ፈሳሽ ከሌለና ጎማው ካልተነፈሰ ግን እሾሁን መንገድ ላይ አይንቀሉት፤ ራሱ ቀዳዳውን ይዞታል፣ ቤት ደርሰው ይሠሩታል።

በጋውን ሙሉ ጋራዥ የቆመ ብስክሌት ከሆነ የውጭ ጎማውን ጎን ይዩ። ሙቀት ላስቲክ ያደርቃል፤ ስንጥቅጥቅ ካለ ይለውጡት፣ መለጠፍ አያድነውም። ለቦይ ዳር ጠጠር 40 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጎማ ጥሩ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 40 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) ገደማ ይንፉት፤ ካበዙት ጠጠሩ ላይ ይዘላል፣ ካሳነሱት ጎማው በቸርኬው ይቆረጣል።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት ልውጣ? ምንስ ልልበስ? (ከግሌንዴል)

መልስ፦ ዲሴምበር ላይ ንጋቱ 7 ወይም 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ከሰዓት በኋላ 19 ወይም 20 ይደርሳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል (በአሜሪካ 9፡30) ይውጡ። ንፋስ የሚከለክል ስስ ጃኬት ከላይ ይደርቡ፤ ወፍራም ሹራብ ከለበሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ላብ ያሰጥምዎታል። ጣቶችዎ ፍሬን መያዝ ስላለባቸው ጓንት አይርሱ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ አይታወቅም፤ ባይጠማዎትም ለግማሽ ቀን ቢያንስ 1 ሊትር ውሃ ይጠጡ። በወሩ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው በ11፡20 ገደማ ነው። ቅዝቃዜው ወዲያው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስለሚተኛ የጎርፍ መውረጃው ውስጥ ከጎዳናው ይልቅ ይበርዳል። ከጨለመ በኋላ የአሪዞና ሕግ ከፊት ከ150 ሜትር ያህል የሚታይ ነጭ መብራት፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ ያዛል፤ እኛ ግን ከኋላም የሚበራ ቀይ መብራት ይጨምሩ እንላለን።

ጥያቄ፦ ላስ ቬጋስ ላለን ሰዎችስ? (ከሄንደርሰን)

መልስ፦ ኩርንችቱ እዚያም አለ፤ ብርዱ ግን ከፊኒክስ ይበረታል። ሪቨር ማውንቴንስ ሉፕ የሚባለው የብስክሌት ዙር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ዳገት ይበዛዋል፤ ለመዝናናት ከሆነ ቁራጩን ብቻ ይሂዱ። ከቦልደር ሲቲ አጠገብ ያለው የድሮው የባቡር መስመር ይሻላል። ለሁቨር ግድብ ሥራ ዕቃ የተመላለሰበት ነው፤ አምስት ዋሻዎች አሉት፣ ባቡር ዳገት ስለማይችልም መንገዱ ሜዳ ነው። ነፋስ ካለ ሲነሡ ነፋሱን ፊት ለፊት በሚያገኙበት አቅጣጫ ይጀምሩ፤ ሲመለሱ ይገፋዎታል።