ገዳዩን አትንገሩኝ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሁሉም የወንጀልና የልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ነገር ናቸው። ክረምቱ ሳይሆን አይቀርም፤ ዝናብና ነፍሰ ገዳይ ይስማማሉ። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ላይ ካልሆነ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ጥያቄ፦ በሞባይል፣ በካሜራና በዲኤንኤ የሚያልቅ የወንጀል ታሪክ ሰለቸኝ። ጓደኛዬ በድሮ ዘመን ላይ የተጻፉትን ሞክር ይለኛል። ከየቱ ልጀምር? የሚያወሩትን ታሪክስ ማመን ይቻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጓደኛህን ስማው። በድሮው ዘመን መርማሪው ባዶ እጁን ነው። የለንደን ፖሊስ የጣት አሻራ ክፍል ያቋቋመው እንኳ በ1901 ነው። ጄምስ ማርሽ የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1836 የምርመራ ዘዴውን ይፋ እስኪያደርግ ድረስ ደግሞ፣ አርሴኒክ የሚባለውን መርዝ ያበላ ሰው «ሆዱን አሞት ሞተ» ብሎ፣ አልቅሶና አስለቅሶ፣ ቀብሮ መግባት ይችል ነበር። ለመርማሪው የሚቀረው ዓይኑ፣ አፍንጫውና የሰው ጠባይ ማወቁ ብቻ ነው። እኔን የሚስበኝ ይሄ ነው።

ለጀማሪ የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የኤሊስ ፒተርስ የካድፌል መጻሕፍት ይሻላሉ። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1977 ወጣ፤ በጠቅላላው 20 ልቦለዶች አሉ። ካድፌል በመስቀል ጦርነት ዘምቶ የተመለሰ ወታደር ነው፤ በኋላ በእንግሊዝ ሽሩስበሪ ገዳም ገብቶ መነኮሰ። ሥራው ዕፀዋት እያበቀለ መድኃኒት መቀመም ነው፤ ዘመኑ 12ኛው ክፍለ ዘመን። በአንዱ መጽሐፍ ላይ መገጣጠሚያ የሚያማቸው ሽማግሌዎች የሚታሹበት ዘይት ከመርዛማ ሥር ይቀምማል። ያንኑ ዘይት አንድ ሰው ሰርቆ የገዳሙ እንግዳ ምሳ ውስጥ ይጨምረዋል። ካድፌል ሟቹ ዘንድ ሲደርስ የገደለው መርዝ የገዛ እጁ ሥራ መሆኑን ያውቃል። ላብራቶሪ የለ፣ የምርመራ ውጤት መጠበቅ የለ፤ መድኃኒቱን ያወቀው የቀመመው ሰው ነው። ገዳዩን አልነግርህም።

ከበድ ያለ ከፈለግህ የኡምቤርቶ ኤኮ «የጽጌረዳ ስም» አለልህ። በ1980 የታተመ ሲሆን ታሪኩ በ1327 በሰሜን ጣሊያን ገዳም ውስጥ ነው። መጀመሪያው አካባቢ ቢደክምህ አይግረምህ፤ ደራሲውን የመጀመሪያዎቹን 100 ገጾች አሳጥር ብለውት እምቢ ብሏል። እኔ ብሆን ጥቂቱን አሳጥር ነበር፣ ግን ማን ጠየቀኝ።

ወደ ማመኑ ስንመጣ፣ ዕቃውን፣ ምግቡን፣ ሕጉን ብዙ ጊዜ ማመን ይቻላል፤ ሬሳውን ግን ተወው። አጋታ ክሪስቲ ከዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ በፊት በነበረችው ግብፅ ላይ አንድ ልቦለድ ጽፋለች። መነሻዋ እውነተኛ ደብዳቤዎች ናቸው። ሄቃናኽት የተባለ ባለርስት ከቤቱ ርቆ ሳለ ስለ እህሉ፣ ስለ ቀለቡ፣ ቁባቱን ቤተሰቡ እንዴት እንደያዛት እየተነጫነጨ የጻፋቸው ናቸው፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በቁፋሮ ተገኙ። ንጭንጩ እውነት ነው፤ ግድያዎቹን ሁሉ ግን የፈጠረቻቸው እሷ ናት። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ስታነብ ከመጨረሻው ገጽ በኋላ የደራሲው ማስታወሻ ካለ እንዳታልፈው። ጎበዝ ደራሲ የቱን እንደፈጠረ እዚያ ይናዘዛል።

ጥያቄ፦ የእኛ ታሪክስ ለዚህ አይመችም? እዚህ ስለ ለንደንና ስለ ሮም ማንበብ ሰልችቶኛል። (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ እንዴት አይመችም! የድሮውን አፈርሳታ አስቢ፤ አውጫጭኝም ይሉት ነበር። ከብት ተሰርቆ ወይ ሰው ተገድሎ አጥፊው ካልታወቀ ያገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ በመሐላ ይጠየቃል፣ የቀረ ይቀጣል፣ አጥፊው ካልወጣ ደግሞ ካሳው በአገሬው ላይ ይወድቃል። ተጠርጣሪው ሁሉ አንድ ቦታ ተቀምጧል፤ መርማሪውም ተመርማሪውም ጎረቤታሞች ናቸው። ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ሌባ ሻይ የሚባል ሌባ ፈላጊም ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ያጠጡታል። ልጁ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሌባ ሻዩ ወገቡ ላይ ያሰረውን መቀነት ይዞ ይከተለዋል። ልጁ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። እስቲ አስቢው፣ መቀነቱን የያዘው ሰው ወደ ጠላቱ በር ትንሽ ሳብ ቢያደርገውስ? በቃ፣ ልቦለዱ እዚያው አለ። ጻፊው፣ የመጀመሪያዋ አንባቢ እኔ ነኝ።

እስከዚያ ግን በዓሉ ግርማን መልሰሽ አንብቢ። ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ ስለዚያው ሰሞን ስለ አስመራው ዘመቻ የሚያወራ ትኩስ መጽሐፍ ነበር። ዛሬ የታሪክ ልቦለድ ሆኗል፣ የስለላው ክር ግን አሁንም ያንጠለጥላል። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ያንን እያወቁ ማንበብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ግድያ ያለበት ካልሆነ አታነብም። ልከልክላት? (ከአዳማ)

መልስ፦ ኧረ አይከልክሏት፤ ከከለከሏት ብርድ ልብስ ውስጥ ታነባለች። ግን የሚያነቡት ዓይነት ይለያያል። የድሮዎቹ የእንግሊዝ መርማሪ ታሪኮች ደም እምብዛም የላቸውም፣ እንቆቅልሽ ናቸው። ሴቶችን እያሳደደ የሚያርድ ሰው በዝርዝር የሚተረክበትን ግን እርስዎ አስቀድመው ገለጥ ገለጥ ያድርጉት። መርዝ መርዝ ካበዛች ደግሞ አይደንግጡ፤ አጋታ ክሪስቲ ስለ መርዝ ያወቀችው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ቤት ስትሠራ ነው። ኬሚስትሪ ውጤቷን ይከታተሉ።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ የተዋስኩት መጽሐፍ ላይ ገጽ 12፣ ከአንዱ ስም አጠገብ «ገዳዩ ይሄ ነው» ተብሎ በእርሳስ ተጽፏል። ልቀጥል? (ከደሴ)

መልስ፦ ቀጥል። አንደኛ፣ ጓደኛህ ውሸቱን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ እውነቱን ከሆነም ሰውየው ገጽ በገጽ እንዴት እንደሚዋሽ እያየህ ትሄዳለህ፤ እሱም ደስ ይላል። መጽሐፉን ስትመልስ ግን ሌሎቹም ስሞች አጠገብ እንደዚያው ጻፍባቸው።