የሰኔ 30 ማታ ቆጠራ

ለምትነግዱና ለመነገድ ለምታስቡ የሀዋሳ ልጆች፣

ባለፈው ሳምንት የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ለትምህርት ቤቶች የምታቀርብ አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ግብር ለማሳወቅ መቼ ልምጣ? ጥቅምት ሲገባ ይበቃል?» አለችኝ። ደረጃ ሀ ናት፤ መዝገብ ይዘው በትርፋቸው ላይ ግብር ከሚከፍሉት ወገን ማለት ነው። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ሕጉ አራት ወር ይሰጣታል፤ የመጨረሻው ቀን ጥቅምት 30 ነው። ጥያቄዋ ስህተት የለበትም። እኔን ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ፤ ይህንኑ ጥያቄ በሰኔ መጨረሻ ጠይቆኝ «አይዞህ፣ ገና ጊዜ አለህ» ያልኩት ሰው ነበርና።

ሰውየው መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከእንጨትና ከብረት ዴስክ፣ ወንበርና ሼልፍ ይሠራል። ገዢዎቹ የግል ትምህርት ቤቶችና ድርጅቶች ናቸው። ነገሩ የ2011 የግብር ዓመት ነው። ማንነቱ እንዳይለይና ለስሌት እንዲመች ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ፤ ነገሩ ግን እንዳለ ነው።

ሽያጩ ያለ ቫት 1,480,000 ብር። ካለፈው ዓመት የተላለፈ ዕቃ 60,000፣ ደረሰኝ ያለው ግዢ 790,000፣ ማስረጃ ያላቸው ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራትና ሌሎች ወጪዎች 520,000። ደረሰኝ ከማይሰጡ ሻጮች የገዛው ጣውላ ደግሞ 140,000። ሰኔ 30 ማታ መጋዘኑ ውስጥ የቀረው ዕቃ በግምት 175,000 ብር ያወጣ ነበር። «በግምት» ያልኩት ማንም ስላልቆጠረው ነው።

ጥቅምት 26 ቀን ሁለት ፌስታል ወረቀት ይዞ መጣ። የዓመቱ መጨረሻ ክምችት ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ሄዶ ቆጠረ፤ 310,000 ብር ሆኖ ተገኘ። ቆጠራው ትክክል ነበር፤ ቀኑ ግን ጥቅምት ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዴስክ ይፈለጋል ብሎ በሐምሌና በነሐሴ ላሜራ፣ ቱቦላሬና ኮምፐንሳቶ ገዝቶ አከማችቷል። የአዲሱ ዓመት ዕቃ በአሮጌው ዓመት መዝገብ ገባ ማለት ነው። በመጨረሻው ቆጠራ ላይ የበዛ ዕቃ ወጪን ይቀንሳል፤ የቀነሰ ወጪ ደግሞ ትርፍ ሆኖ ይታያል።

ወደ ኋላ ማስላት አይቻልም ወይ? ይቻላል። የዛሬውን ቆጠራ ይዞ ከሐምሌ 1 ወዲህ የተገዛውን መቀነስ፣ ከሐምሌ 1 ወዲህ የወጣውን በተገዛበት ዋጋ መደመር ነው። የገባው ዕቃ በግዢ ደረሰኝ ይታወቃል። የወጣው ዕቃ የሚታወቀው ግን በየዕቃው የተያዘ የስቶክ ካርድ፣ ማለትም የገባና የወጣ የሚመዘገብበት ካርድ፣ ሲኖር ነው፤ እሱ ዘንድ ካርድ አልነበረም። ሠራተኞቹ «ያን ጊዜ አሥር ላሜራ ብቻ ነበር» ቢሉም የቃል ምስክርነት ለኦዲተር ማስረጃ አይሆንም።

ቀጥሎ ዊዝሆልዲንግ መጣ። በዚያ ዓመት በነበረው ሕግ ድርጅቶች ከ10,000 ብር በላይ ዕቃ ሲገዙ 2 በመቶ ቀንሰው ለመንግሥት ያስገባሉ፤ ያ ገንዘብ የሻጩ ቅድመ ግብር ነው፣ ከዓመቱ ግብር ይቀነስለታል። ለድርጅቶች የሸጠው 1,150,000 ስለነበር 23,000 ብር ተቀንሶበታል። በእጁ የነበረው የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ግን የ9,400 ብር ብቻ ነው። ቼኩን ሲቀበል ደረሰኙን «በኋላ ውሰድ» ብለውት፣ ሳይመለስ ቀርቶ፣ አንዱ ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዡን ቀይሮ፣ ሌላው ፋይሉን አጥቶት 13,600 ብር እንደ ቀልድ ቀረ።

አሁን ሁለቱን ስሌት ጎን ለጎን ተመልከቱ። ሁሉም ማስረጃ ቢሟላለት ትርፉ 145,000 ብር ነው። በጊዜው ከ130,800 በላይ ትርፍ ያለው ግለሰብ በ35 በመቶ ተሰልቶ 18,000 ይቀነስለት ስለነበር ግብሩ 32,750 ይሆናል፤ 23,000ው ሲቀነስ በጥቅምት የሚከፍለው 9,750 ብር ብቻ ነበር። በእጁ ባለው ወረቀት ግን የጥቅምቱ ቆጠራ ስለተያዘና ደረሰኝ የሌለው ጣውላ ወጪ ተብሎ ስለማይያዝ ትርፉ 420,000፣ ግብሩ 129,000፣ ተቀናሹ 9,400፣ የሚከፍለው 119,600 ብር ሆነ። ልዩነቱ 109,850 ብር ነው፦ 47,250 ከቆጠራው፣ 49,000 ደረሰኝ ከሌለው ጣውላ፣ 13,600 ካልተሰበሰበው ወረቀት። ከዚህ ውስጥ አንዱም ግብር ለመሸሽ የተደረገ አይደለም። ሰውየው ቀን ከሌት የሚሠራ፣ ሽያጩን አንድ ብር ሳይደብቅ የሚያሳውቅ ነበር።

የዘንድሮ መጨረሻ ክምችት ለከርሞ መነሻ ስለሚሆን የቆጠራው ስህተት በሚቀጥለው ዓመት ይካካሳል የሚል አይጠፋም። በስሌት እውነት ነው። የጥቅምቱን ገንዘብ ግን ከየት ያምጣው? ገንዘቡ ላሜራ ሆኖ መጋዘን ተቀምጧል።

መክፈል ሲያቅተው ደግሞ «ገንዘብ ሳገኝ አሳውቃለሁ» አለ። ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ ማሳወቅና መክፈል ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች ናቸው፣ ቅጣታቸውም ለየብቻ ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 መሠረት አለማሳወቅ ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ እየተጨመረ እስከ 25 በመቶ ያስቀጣል። አዘግይቶ መክፈል ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ ለየወሩ 2 በመቶ ነው፤ ወለዱ ሌላ ነው። ስለዚህ ኪሳችሁ ባዶ ቢሆንም በቀኑ አሳውቁ፤ ለክፍያው ጊዜ እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ሰውየውም በመጨረሻ እንዲሁ አደረገ። የማሳወቂያ ጊዜ ማራዘሚያ የሚፈልግ ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ ይጠይቅ፤ ማሳወቂያው ቢራዘምለትም የመክፈያው ቀን አይንቀሳቀስም። «ዘንድሮ አልሠራሁም፣ ምን አሳውቃለሁ?» የሚሉም አሉ። ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ ባዶም ቢሆን ይታወቃል፤ ግብር የሌለበትን ጊዜ አለማሳወቅ በዚሁ አዋጅ 10,000 ብር ያስቀጣል።

በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ 1395 ብዙ ነገር ቀይሯል። ደረጃ ሐ ቀርቷል፤ ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ ሀ፣ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ ለ ነው። የደረጃ ለ ግብር በሽያጭ ላይ ስለሚሰላ ቀናችሁንም ስሌታችሁንም ከደረጃ ሀ ጋር አታምታቱ። ዊዝሆልዲንጉም 3 በመቶ ሆኗል፤ እንግዲህ የሚጠፋ ወረቀት የበለጠ ያስከፍላል ማለት ነው።

ያለ ደረሰኝ መግዛትን በተመለከተ «ደረሰኝ ካልፈለግህ በመቶ ብር አሥር ልቀንስልህ» የሚል ሻጭ ሲመጣ አስሉ። 35 በመቶ እርከን ላይ የደረሰ ነጋዴ ማስረጃ በሌለው 90 ብር ወጪ 31 ብር ከ50 ሳንቲም ተጨማሪ ግብር ይከፍላል። አሥር አትርፎ ሠላሳ አንድ መክሰር ነው።

እናንተ ልጆች በስልክ መክፈል ትወዳላችሁ። ጥሩ ነው፣ ዱካ ይተዋል። ነገር ግን የቴሌብር መልእክት ገንዘብ መሄዱን እንጂ ምን እንደተገዛ አያሳይም፤ ደረሰኝን አይተካም። ደረሰኝ ፎቶ አንስታችሁ ዋናውን የምትጥሉም አላችሁ፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል። በሌላ በኩል የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በሀዋሳ ፀሐይ መኪና ውስጥ ወይም ፕላስቲክ ሥር ከቆየ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በካርቦን የተጻፉ የድሮ ፓዶች ዛሬም ይነበባሉ። ስለዚህ ፎቶ ማንሳታችሁን አልቃወምም፣ እንዲያውም እኛ ያላወቅነው ልማድ ነው፤ ብቻ በዚያው ቀን ኮፒ አድርጋችሁ ከዋናው ጋር አያይዙት። ዜድ ሪፖርትንም፣ ማለትም ካሽ ሬጅስተሩ በየቀኑ የሚያወጣውን የሽያጭ ማጠቃለያ፣ እንዲሁ። ወር በገባ ቁጥር የዜድ ድምሩ፣ በቫት ያሳወቃችሁት ሽያጭና ባንክ የገባው ገንዘብ ይገናኙ እንደሆነ እዩ፤ የማይገናኝበትን ምክንያት በወሩ ካልጻፋችሁት በዓመቱ አታስታውሱትም።

ፔንሲዮንና ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ሲመጣ ከተማው ሞልቶ እንቅልፍ እንኳ እንደማታገኙ አውቃለሁ። በሰኔ የተቀበላችሁትን የክፍል ቅድመ ክፍያ ከሰኔ ሽያጭ ለይታችሁ መዝግቡ፤ እንግዳው የሚያድረው በአዲሱ ዓመት ነው። ቆጠራውንም «ንግሡ ይለፍ» አትበሉት።

ቆጠራው ራሱ የአንድ ማታ ሥራ ነው። በሩን ዝጉ። አንድ ሰው ይቁጠር፣ ሌላው ይጻፍ። የዕቃው ስም፣ መለኪያው፣ ብዛቱ፣ የተገዛበት ዋጋ፤ ለቫት የተመዘገባችሁ ዋጋውን ያለ ቫት ጻፉ። በጅምር ያለውን ለብቻ ጻፉ፤ ደንበኛ ያስቀመጠውን ዕቃ ጭራሽ አታስገቡት። የቀኑን የመጨረሻ የሽያጭ ደረሰኝ ቁጥርና የመጨረሻ የገባ ዕቃ ሰነድ ቁጥር ከወረቀቱ ግርጌ አስፍሩ፤ ሐምሌ 1 ከዚያ ቀጥሎ ይጀምራል። ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ለዩኒፎርሟ ልጅ ያልኳትም ይህንኑ ነው። ጥቅምት ድረስ አትጠብቂ፣ ሰኔ 30 ማታ ሱቅሽ ሁኚ፤ የተጀመረውን ጥቅል ጨርቅ እንደ ሙሉ ጥቅል አትቁጠሪው፣ ፈትተሽ በሜትር ለኪው። የተቆረጠውንና ገና ያልተሰፋውን በሌላ ወረቀት ጻፊ። የትምህርት ቤቶቹን የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ደግሞ ቼኩን ስትቀበዪ አብረሽ ተቀበዪ፤ «ነገ ነይ» ካሉሽ ነገ ሂጂ።