መልስ፦ የፓይለት እጥረት ካለ የጀማሪው ደሞዝ ለምን አነሰ?

ወንድሜ፣ «አሜሪካ ውስጥ ፓይለት ጠፋ እየተባለ ጀማሪው እንዴት በዚያ ደሞዝ ይሠራ ነበር? ታናሼስ ይግባበት ወይ?» ላልከው፦ ለብዙ ዓመታት የጠፋው ፓይለት ሳይሆን በዚያ ክፍያ ለመሥራት የሚፈቅድ ፓይለት ነው ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ቡፋሎ ከተማ አጠገብ የወደቀውን የኮልገን ኤር የተባለ አነስተኛ አየር መንገድ አውሮፕላን አስታውስ። 50 ሰው አለቀ። ረዳት አብራሪዋ ገና የ24 ዓመት ልጅ ነበረች። ዓመታዊ ደሞዟ 16 ሺህ ዶላር ገደማ እንደነበር በምርመራው ላይ ተነስቷል። የምትኖረው በአገሪቱ ምዕራብ ጫፍ ሲያትል አካባቢ ስለነበር ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን ተጉዛ በምሥራቅ ጫፍ ካለው የሥራ ቦታዋ ኒውዋርክ ገባች፤ ከዚያ የሠራተኞች ክፍል ሶፋ ላይ ጋደም ብላ ለበረራ ቀረበች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል።

ከዚያ ሕጉ ጠበቀ፤ ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪም በመደበኛው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል። ኩባንያዎቹ እጥረቱን በዚህ ያሳብባሉ፣ የአብራሪዎች ማኅበር ደግሞ በደሞዙ። በ2022 በአሜሪካን ኤርላይንስ ሥር ያሉት አነስተኛ አየር መንገዶች የጀማሪውን ክፍያ በሰዓት ወደ 90 ዶላር አወጡት። ሰው ሲቸግራቸው ገንዘቡ ተገኘ ማለት ነው።

ታናሽህን በተመለከተ፣ የሰዓቱ ክፍያ በአብዛኛው የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከመሳፈሪያው በር ከተነቃነቀ ጀምሮ ነው፤ ኤርፖርት ተጎልቶ የዋለውን አይደለም። ትምህርቱም ከ100 ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ብድር ከመፈረሙ በፊት የአንደኛ ደረጃ የአብራሪ ጤና ምርመራውን ይጨርስ።