መልስ፦ ለሥዕል መምህራን የሚሆን የኦንላይን ሥልጠና

ሰላም እህቴ፣ ከፍኖተ ሰላም ሆነው «ለሥዕል መምህር የሚሆን የኦንላይን ሥልጠና አለ ወይ? በዚህ ኔትወርክስ ይቻላል?» ብለው ለጠየቁት፦ አለ፣ ይቻላልም። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ የክወናና የእይታ ጥበባት ነው የማስተምረው። በተሙማ (በመምህራን ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ) ስብሰባ ስለ ሒሳብና እንግሊዝኛ ብቻ ሲወራ ውሎ የእኛ ትምህርት ሳይነሳ ሲቀር አንጀቴ ያርር ነበር።

የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሞማ፣ ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ኮርሶች መድረክ ላይ ለመምህራን ያዘጋጃቸው ኮርሶች አሉ። ቪዲዮውን በስልክ መተግበሪያው ሌሊት አውርደው ቀን ያለ ኔትወርክ ያዩታል። ሰርተፍኬቱ ይከፈልበታል።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን በ1967 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው የትምህርት ምርምር ማዕከል፣ ፕሮጀክት ዜሮ ነው። በድረ ገጹ ያሉት የማሰብ ልምምዶች በነጻ ናቸው። አንዱ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ምን ታያላችሁ? ምን ይመስላችኋል? ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ? የዘጌን የዑራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕል ፎቶ ይዤ ገባሁና ሞከርኩት። ለወትሮው ድምፅዋ የማይሰማ አንዲት ልጅ «ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ፣ ክፉው ለምን በአንድ ዓይን ብቻ ተሳለ?» አለች። ክፍለ ጊዜው በዚያች ጥያቄ አለቀ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሠርቼ «ገልብጡ» ማለት ተውኩ።

ፎቶ ማሳተም ካልቻሉ መሶብ ወይም አገልግል ይዘው ይግቡ፣ እኩል ይሠራል። ብቻዎን ግን አይጀምሩ፤ ከጎረቤት ትምህርት ቤት አንድ መምህር ይያዙ። የሠሩትንም በተሙማ ፖርትፎሊዮዎ ላይ ይመዝግቡት። ስንተኛ ክፍል እንደሚያስተምሩ ቢነግሩኝ የተጠቀምኩበትን የትምህርት ዕቅድ እልክልዎታለሁ።