የሞዴል ጀልባዬ ዊንች ለምን ያጉረመርማል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በጅማ ሂርማታ አካባቢ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ስሆን፣ በትርፍ ጊዜዬ አንድ ሜትር ርዝመት ያላት በሪሞት የምትታዘዝ የሸራ ጀልባ ሠርቻለሁ። ቦዬ ኩሬ ወስጄ ስሞክራት ግን ሸራውን እስከ መጨረሻው ስስበው ዊንቹ (የሸራውን ክር የሚስበውና የሚለቀው ትንሽ ሞተር) ማጉረምረሙን አያቆምም፣ ባትሪውም ወዲያው ይደክማል። ሸራውን ስለቀው ደግሞ ክሩ ከሩኬቱ (በዊንቹ ላይ ከሚጠቀለልበት ክብ) እየወጣ ይተበተባል። የበለጠ ጉልበት ያለው ዊንች ልግዛ?

መልስ፦ ገንዘብዎን ይያዙ፤ ከገለጹልን ምልክት እንደምንረዳው ዊንቹ ጉልበት አላነሰውም። የሚያጉረመርመው ሸራው መጨረሻው ላይ ደርሶ ሳለ ሪሞቱ ገና እንዲዞር ስለሚያዘው ነው፤ እንዳይዞር የተያዘ ሞተር ደግሞ በነፃ ከሚዞረው ይልቅ እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ባትሪው ቢደክም አያስደንቅም።

ስለዚህ አስቀድመው ይለኩ። ክሩን ከሩኬቱ ፈትተው ሸራው የታሰረበትን አግዳሚ ዘንግ ከጀልባዋ መሃል አንሥቶ ወደ ጎን እስከሚከፈትበት ድረስ በእጅዎ ይግፉት፤ በዚህ መካከል ያለፈውን ክር በእስክሪብቶ ምልክት አድርገው በማስመሪያ ይለኩት። 350 ሚሊ ሜትር አገኙ እንበል። ዊንቹ ሦስት ዙር ተኩል የሚዞር፣ ሩኬቱም 38 ሚሊ ሜትር ስፋት (ዲያሜትር) ያለው ከሆነ (ስፋቱ የሚለካው በጠርዙ ሳይሆን ክሩ በሚያርፍበት ጎድጓድ ላይ ነው)፣ 38 በ3.14፣ ውጤቱም በ3.5 ሲባዛ 418 ሚሊ ሜትር ያህል ይመጣል። 68 ሚሊ ሜትር ትርፍ አለ ማለት ነው፤ ማጉረምረሙም ከዚያ ይመጣል። ብዙዎች ይህን ትርፍ በሪሞቱ ማስተካከያ ቀንሰው ያልፉታል። እኛ ግን ለእንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ የምንመርጠው፣ ከእንጨት ሳይሆን ውሃ ከማይጠጣ ጠንካራ ፕላስቲክ 32 ሚሊ ሜትር የሆነ ሩኬት በቶርኖ ማውጣትን ነው። በዚያው ዙር 352 ሚሊ ሜትር ይስባል፤ ሸራው በጥቂቱ ዘግይቶ ቢገባም የመሳብ ኃይሉ ይጨምራል። የቀረችውን 2 ሚሊ ሜትር ለሪሞቱ ይተዉለት።

የክሩ መተብተብ ሌላ ጉዳይ ነው። ነፋሱ ሲለዝብ ሸራው ክሩን አይጎትትም፤ ዊንቹ ግን መልቀቁን ስለማያቋርጥ የላላው ክር ከጎድጓዱ ዘሎ ይወጣል። መፍትሔው ሁለት ጎድጓድ ባለው ሩኬት ላይ የክሩ አንድ ጫፍ ሲጠቀለል ሌላው እንዲፈታ አድርጎ፣ ክሩን በጀልባዋ ሌላ ጫፍ ባለች ትንሽ ፑሊ ማዞርና የሸራውን ክር (ሁለት ሸራ ካላት የሁለቱንም) በዚሁ ዑደት ላይ መቋጠር ነው። ፑሊዋ በአጭር ላስቲክ ከታሰረች ዑደቱ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይቆያል። ጣት ሲያሳርፉበት ረገብ የሚል ውጥረት ይበቃል፤ እንደ ክራር ክር ከተወጠረ ሞተሩን በከንቱ ያደክመዋል።

ሙከራውን እቤትዎ ያድርጉት፤ ጉማሬ በሚታይበት ቦዬ ላይ ክሯ የተተበተበባትን ጀልባ ገብቶ ማውጣት አይመከርም። ሪሞቱን አስቀድመው ጀልባዋን አስከትለው ያብሩ፣ ሸራውን እስከ መጨረሻው ይሳቡና ጆሮዎን ወደ ዊንቹ አስጠግተው ያድምጡ። ድምፁ ካልጠፋ በሪሞቱ ላይ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይቀንሱ።