«ጁል ሰከንድ» ወይስ «ጁል በሰከንድ»?

ጥያቄ፦ አንድ የፊዚክስ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የፕላንክ ቋሚን አሃድ አንዱ «ጁል ሰከንድ»፣ ሌላው «ጁል በሰከንድ» ይለዋል። ልዩነት አላቸው? የሌሎቹን ቋሚዎች አሃድስ እንዴት ልጻፍ?

መልስ፦ በጣም ይለያያሉ፤ ትክክሉ «ጁል ሰከንድ» ነው። «ጁል በሰከንድ» ማለት ዋት ነው፣ የአምፖልና የሞተር ፓወር የሚለካበት።

ጥፋቱ የሚመጣው ከ«በ» ነው። አማርኛ ይህችን ፊደል ለሁለት ተቃራኒ ሥራ ያሰማራታል፦ «ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ክፍል» ስንል እናባዛለን፣ «60 ኪሎ ሜትር በሰዓት» ስንል እናካፍላለን። ተርጓሚው በሁለቱ አሃዶች መካከል የብዜት ነጥብ (J·s) ያይና በልቡ «ሲባዛ በ» ብሎ «ጁል በሰከንድ» ይጽፋል። እሱ እያባዛ ነው፤ አንባቢው ግን ያካፍላል።

መፈተኛ አለው። «በ» ያለበትን ቃል ወደ ፊት ያምጡት። «ብርሃን በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይጓዛል» ያስኬዳል፤ ስለዚህ አሃዱ «ሜትር በሰከንድ» ነው። «በሰከንድ 6.62607015 × 10⁻³⁴ ጁል» ካሉ ግን በየሰከንዱ ይህን ያህል ኢነርጂ ይወጣል ማለትዎ ነው፣ የፕላንክ ቋሚ ደግሞ እንዲህ አይልም። የፎቶን፣ ማለትም የአንድ የብርሃን ቅንጣት፣ ኢነርጂ የሚገኘው ቋሚውን በፍሪኩዌንሲ በማባዛት ነው። የፍሪኩዌንሲ አሃድ ሄርዝ «አንድ በሰከንድ» ስለሆነ፣ ሰከንድ ከሰከንድ ተጣፍቶ ጁል ብቻ እንዲቀር ቋሚው ሰከንድን በብዜት መያዝ አለበት። «ጁል በሰከንድ» ቢሆን ውጤቱ «ጁል በሰከንድ ስኩዌር» ይወጣል፤ እሱ ደግሞ ኢነርጂ አይደለም።

እንግዲህ የሚባዙትን ያለ «በ» ጎን ለጎን ያስቀምጡ፣ «በ»ን ለሚያካፍለው ይተዉለት። የቦልትዝማን ቋሚ 1.380649 × 10⁻²³ ጁል በኬልቪን ነው። «በዲግሪ ኬልቪን» አይበሉ፤ ዲግሪው ከ1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል። የአቮጋድሮ ቋሚ ላይኛው ክፍል አሃድ ስለሌለው «6.02214076 × 10²³ በሞል» ሲባል ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ «በአንድ ሞል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣት» ይሻላል። የኤሌክትሮን ቻርጅ ኩሎም ብቻ ነው፣ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው የስበት ቋሚ ነው። «ሜትር ኪዩብ በኪሎ ግራም ሰከንድ ስኩዌር» ተብሎ ሲጻፍ ሰከንዱ ከላይ ይሁን ከታች አይታወቅም። «በ»ን ይድገሙት፦ «ሜትር ኪዩብ በኪሎ ግራም በሰከንድ ስኩዌር»። ይኸው አሃድ በሌላ መልኩ «ኒውተን ሜትር ስኩዌር በኪሎ ግራም ስኩዌር» ይባላል። እዚህ ላይ «ካሬ ሜትር» የሚለው የለመድነው አጠራር ያሳስታል፤ «ኒውተን ካሬ ሜትር» ሲባል ካሬው የኒውተኑ ይሁን የሜትሩ አይለይምና።

ስለ «ገደማ»ም ልጨምር። የብርሃን ፍጥነት ከ1983፣ የፕላንክ፣ የቦልትዝማንና የአቮጋድሮ ቋሚዎች እንዲሁም የኤሌክትሮን ቻርጅ መጠን ከግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድንጋጌ የተወሰኑ ናቸው። ሙሉ ቁጥራቸውን ጽፎ «ገደማ» ማከል ስህተት ነው፤ የብርሃንን ፍጥነት 3 × 10⁸ ብለው ካጠጋጉ ግን ያስፈልጋል። የስበት ቋሚ እስካሁን የሚታወቀው በልኬት ስለሆነ፣ ለ6.67430 × 10⁻¹¹ «ገደማ» ማለት ተገቢ ነው። የኤሌክትሮማግኔቲክ ኃይልን ጥንካሬ የሚገልጸው የፋይን ስትራክቸር ቋሚ፣ 1/137 ገደማ፣ ከነጭራሹ አሃድ የለውም፤ የተረሳ መስሎት አሃድ የሚጨምር አራሚ እንዳይኖር «አሃድ አልባ» ብለው ይጻፉበት።